ድምር ድግግሞሽን ከክፍሉ የላይኛ ቁጥር ጋር አንብቡት

የድምር ድግግሞሽ ሰንጠረዥ ላይ፣ ማለትም የየክፍሉ (እንደ 40–59 ያለው የውጤት ክልል) ቁጥር ከላይ ጀምሮ እየተደመረ በሚወርድበት ሰንጠረዥ ላይ፣ ብዙ ተማሪ የሚምታታበት ቁጥሩ የማን እንደሆነ ነው። 40 ተማሪዎች ተፈትነው ከ0–19 ያገኙት 4፣ ከ20–39 ደግሞ 10፣ ከ40–59 16፣ ከ60–79 8፣ ከ80–100 2 ናቸው እንበል። ድምሩ 4፣ 14፣ 30፣ 38፣ 40 እያለ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ድምር ጎን የክፍሉን የላይኛ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ «59 እና ከዚያ በታች ያገኙ፦ 30» ብላችሁ ጻፉ። 30ው የ40–59 ብቻ ሳይሆን ከዚያ በታች ያገኙትንም ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ ነዋ! ፐርሰንት ስታወጡም 30ን ለ40 አካፍላችሁ በ100 አባዙት፣ 75 ይመጣል። የተጠጋጉ ፐርሰንቶችን እየደመራችሁ አትውረዱ፤ መጨረሻው 99 ወይም 101 ሊሆንባችሁ ይችላል። «ከ50 በታች ስንት ናቸው?» ከተባላችሁ ግን 50 የ40–59 ክፍል መሃል ስለገባ፣ ሰንጠረዡ ግምት እንጂ ትክክለኛ መልስ አይሰጣችሁም።