የሕብረተሰብ ጤናን በስላይድ ብቻ አታስተምሩ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ፊት ስትቆሙ በትርጉም አትጀምሩ፤ ይተኙባችኋል። እንደ ፈረንጆቹ በ1854 ለንደን ውስጥ ሐኪሙ ጆን ስኖው በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት እያጠና የበሽታው ምንጭ ወደሆነችው አንዲት የውሃ ፓምፕ እንዴት እንደደረሰ ንገሯቸው። ከዚያ ነገሩን ወደ ደሴ አምጡት።

እኔ አምስት አምስት አድርጌ ሰፈር አከፋፍላቸዋለሁ። ቦኖውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቦርከና ወንዝ ዳር የተጣለውን ቆሻሻ ሳይቀር ወረቀት ላይ ይስላሉ። ቀበሌውን ቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው። መጠይቅ ይዞ በር ላይ መገተር ግን አይሠራም፤ ወሎ ውስጥ ቡና ሳይጠጡ መልስ የለም። አንዱ ተማሪዬ አቦል ላይ «ሽንት ቤት አላችሁ?» ቢል «አለን እንጂ» ተባለ። በረካ ላይ እናትየዋ ራሳቸው «ጎርፍ ከወሰደው ቆየ እኮ ልጄ» አሉት። ይሉኝታ መረጃን እንዴት እንደሚያጣምም ያስረዳሁት በዚህች ነው፣ ስላይዱን አልከፈትኩትም።

ፈተና ላይ ቀመር አታስሸምድዱ። 200 ሰው ከበላበት ድግስ 50 ታመመ በሏቸው። 25 በመቶ መሆኑን ማንም ያሰላዋል። ቀጥሎ ማንን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ይጻፉ፤ ዋናውን ማርክ እዚያ ላይ አድርጉት።