ለገጠር ቤተሰብ ሶላር ሲገዛ፦ ቀድመው የጀመሩት ያስተማሩን

ለገጠር ቤተሰቡ ሶላር የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ጭኖ ይልካል፣ ሌላዋ ከሪያድ ወይ ከዱባይ ብር ትልክና ወንድሟ ይገዛል። ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፓነሉ ጣሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ቤቱ ግን ወደ ኩራዝ ተመልሷል። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ሶላር በትክክል ከተመረጠና ከተያዘ ይሠራል፣ አገራችንም ለሶላር አዲስ አይደለችም። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ልምድ አለን። ያ ልምድ ግን ከዕቃው ጋር አብሮ አይሸጥም።

ስለዚህ ከመግዛት እስከ መያዝ ያለውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። መንገዱን የጀመሩት ሰዎች ምን እንዳደረጉም በየቦታው አነሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ለምን እንደሚፈለግ ወስኑ

በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንዲት የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት የሶላር ጣቢያ ተተከለ። በአገራችን ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወደ 300 ለሚጠጉ ቤቶች መብራት ይሰጥ ነበር። ሒሳቡን ሥሩት፤ ለአንድ ቤት 35 ዋት ብቻ ይደርሳል። በ1989 ግን ጣቢያው ወደ 30 ኪሎዋት አደገ። ለምን? የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ስለተጨመረ ነው።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር ቀላል ነው። መብራት ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ሞተርና ሙቀት ግን ብዙ ይበላሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በቤት ሶላር ላይ እንጀራ እጋግራለሁ ማለት ሌላ ዓለም ነው። ምድጃ፣ ካውያና ውሃ ማፍያም እንደዚያው። ሻጩ «ሁሉንም ይችላል» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቤተሰቡ ጋ ደውሉና በየቀኑ የሚጠቀሙትን ጠይቁ። እናንተ የምታስቡትንና እነሱ የሚፈልጉትን አታምታቱ። አባት ሬዲዮ ይበቃቸዋል፣ ልጆቹ ቴሌቪዥን ይፈልጋሉ፣ እናት ደግሞ ማድ ቤት መብራት እንዲገባላት ትፈልግ ይሆናል። ማድ ቤቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሒሳቡ

እንግዲህ ወረቀት አውጡ። እያንዳንዱን ዕቃ በዋቱ ልክ ጽፋችሁ በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ባለ 5 ዋት አራት ኤልኢዲ አምፖል ለ5 ሰዓት 100 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ስልክ መሙላት 30 ገደማ። ሬዲዮ 20። በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን 20 ዋት ቢሆን ለ4 ሰዓት 80፣ ሪሲቨሩ ደግሞ 40። ድምሩ 270 ዋት ሰዓት ይመጣል።

ሽቦው፣ ባትሪውና ሙቀቱ የሚበሉት አለ፤ ስለዚህ 270ን ለ0.7 አካፍሉት፣ 386 ገደማ ይሆናል። ይሄን በቀን ለምታገኙት የፀሐይ መጠን ማካፈል ነው የሚቀረው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «13 ወር ፀሐይ» እያልን ስላደግን ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል። የአገሪቱ አማካይ በቀን በካሬ ሜትር 5.2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የካቲትና መጋቢት ወደ 5.5 ይወጣል፣ ሐምሌ ላይ ግን ወደ 4.5 ይወርዳል፤ ደመናው በሚከብድበት ደጋ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ሻጮች የሚያሰሉት በመጋቢት ነው። እናንተ በሐምሌ አስሉ። እኔ 4ን እወስዳለሁ፤ በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እንደማለት ነው። 386 ለ4 ሲካፈል 96 ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ 100 ዋት ፓነል ግዙ ማለት ነው። አቅም ካለ 120 ወይም 150 ቢሆን ይሻላል፤ ፓነል ከዕቃው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፣ በእሱ ላይ የተጨመረ ብር አይባክንም።

ባትሪው ላይ ጊዜ ውሰዱ

የቤት ሶላር የሚሞተው በባትሪ ነው። ፓነል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ባትሪ ግን ያልቃል፣ ማለቁም የታወቀ ነው፤ ማንም ግን ሲገዛ አያስበውም።

ይሄን ቀድሞ ያሰበ ቦታ አለ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ የምትባል አካባቢ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት በሬማና በአጎራባቿ ድሬ ትንንሽ የቤት ሶላሮችን መትከል ጀመረ፤ ቁጥሩ ወደ 2,000 ገደማ ደረሰ። ግን እኔን ያስደነቀኝ ቁጥሩ አይደለም። እዚያው ሬማ ላይ የሶላር ባለሙያ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ተጠቃሚውም በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ገንዘቡ ለጥገናና ለባትሪ መቀየሪያ የሚሆን ነው። ድርጅቱ በ2009 በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል፣ ይገባዋልም እላለሁ። በእኔ እምነት የአገራችን የሶላር ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ሬማ ናት። ትልልቅ ጣቢያ የሚመርቅ ሰው ብዙ ነው፤ ባትሪው የሚሞትበትን ቀን አስቦ ገንዘብና ባለሙያ ያዘጋጀ ግን ጥቂት ነው።

እናንተም በአንድ ቤት ደረጃ ይሄንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። መጠኑን እንዲህ አስሉ። ደመና ያለበት ቀን ቢመጣ ሁለት ሌሊት እንዲያወጣ 270ን በሁለት አባዙ፣ 540 ይሆናል። የሊድ አሲድ ባትሪ (ጄሉም ጭምር) ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመከራል፤ ስለዚህ 1,080 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ለ12 ቮልት ሲካፈል 90 አምፒር ሰዓት ይመጣል፤ ገበያው ባጭሩ «አምፒር» ይለዋል። ገበያ ላይ ባለ 100 አምፒር ትገዛላችሁ። ሊቲየም ከሆነ እስከ 80 በመቶ ድረስ መጠቀም ስለሚቻል ባለ 60 አምፒር ይበቃል። ሊቲየሙ ሲገዛ ይወደዳል። ግን በየቀኑ ለሚሞላና ለሚወርድ ሥራ ሊድ አሲዱ ከ2 እስከ 4 ዓመት ሲያገለግል ጥሩ ሊቲየም እጥፉንና ከዚያ በላይ ይቆያል። ቤተሰቡ ያለው ከከተማ ርቆ ከሆነ እኔ ሊቲየም ነው የምለው፤ ከባድ ባትሪ ጭኖ መመላለሱ ራሱ ወጪ ነው። ኮንትሮለሩ (የባትሪውን መሙላትና መውረድ የሚቆጣጠረው ዕቃ) የሊቲየም ምርጫ እንዳለው ግን ጠይቁ።

የመኪና ባትሪ አትግዙ። «እሱም 12 ቮልት ነው» ይሏችኋል፣ እውነት ነው። ግን የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰኮንድ ከፍተኛ ኃይል ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እስኪወርድ ከተሠራበት በወራት ውስጥ ይደክማል።

ገበያ ላይ

ከገጠሩ ቤት በፊት በአገራችን ሶላርን በስፋት የተጠቀመው ቴሌ ነው፤ የመብራት መስመር በማይደርስባቸው ሩቅ ጣቢያዎቹ ላይ። የቴሌን ዓይነት ጥራት የገጠር ቤት አይገዛም፣ ነገር ግን ዕቃውን ሳይለኩ አለመውሰድን መማር ይቻላል።

ቴስተር (ቮልትና አምፒር መለኪያ) ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፓነሉን ቀትር ላይ ፀሐይ አስመቱትና ለኩት። ባለ 12 ቮልት ሥርዓት የሚሆን የ100 ዋት ፓነል ምንም ሳይገናኝበት 21 ወይም 22 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፣ አምፒሩ ደግሞ በጥሩ ፀሐይ ወደ 5 ተኩል መጠጋት አለበት። ቮልቱ ብቻ አያታልላችሁ፤ ትንሽ ፓነልም 21 ቮልት ያሳያል። ወሳኙ አምፒሩ ነው።

ቴስተር ከሌለ የርዝመት መለኪያ ሜትር ይበቃል። አንድ ካሬ ሜትር ፓነል የሚያወጣው 200 ዋት ገደማ ነው፣ በጣም ጥሩው ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፓነል ጀርባው ላይ «300 ዋት» ከተጻፈበት ጽሑፉ ውሸት ነው። አትከራከሩ፣ ውጡ። ባትሪም በክብደቱ ይታወቃል፤ እውነተኛ ባለ 100 አምፒር ሊድ አሲድ 28 ወይም 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በአንድ እጅ ብድግ የሚል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው።

ፍላጎቱ መብራትና ስልክ ብቻ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ተገጣጥሞ የሚመጣ ኪት ግዙ። ላይቲንግ ግሎባል የሚባለው የጥራት ፍተሻ አለ፣ አሁን ቬራሶል በሚል ስም ነው የሚሠራው፤ ያንን ያለፈ ሞዴል ጠይቁና ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መስመር ይመጣል ወይ?

ይሄን ጥያቄ ቀበሌ ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ። በ2019 የወጣው የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ከሕዝቡ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ፣ ማለትም በሶላርና በመሳሰሉት ለማዳረስ አቅዶ ነበር። በዚያው ዓመት በሶማሌ ክልል ጋድና በአፋር ዲቼቶ ለሚሠሩ ሁለት ጣቢያዎች የሳዑዲው አክዋ ፓወር ጨረታ አሸነፈ። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ለአፍሪካ እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ ስለነበር ብዙ ተወራለት። ያ ወሬ ግን በጨረታው ዋጋ ቆመ። በአካባቢያችሁ ምሰሶ ካልቆመ በተወራ ፕሮጀክት ተማምናችሁ ቤተሰቡን በጨለማ አታቆዩ። ምሰሶው ጎረቤት ቀበሌ ከደረሰ ደግሞ ትልቅ ሶላር አትግዙ፤ ትንሽ ኪት መስመሩ እስኪገባ ያደርሳል፣ ከገባም በኋላ መብራት ሲጠፋ ያገለግላል።

ሲተከል

ጥላ ጠላት ነው። የአንድ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የፓነሉን ጥግ ብቻ ቢሸፍን እንኳ ኃይሉ በጣም ይወርዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይደርስበትን ቦታ ምረጡ።

ወደ ደቡብ አዙሩት፣ ግን ብዙ አታዘንብሉት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል። ምክንያቱን ካወቃችሁት አትረሱትም፦ በሰኔና በሐምሌ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከእኛ በስተሰሜን ናት። ወደ ደቡብ በጣም ያዘነበለ ፓነል ታዲያ በጣም በሚያስፈልግበት ወቅት ጀርባውን ይሰጣታል። ጨርሶ ጠፍጣፋም አይሁን፣ ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ።

ቆርቆሮ ላይ ከሆነ በፓነሉና በቆርቆሮው መካከል አንድ ጭብጥ የሚያህል ክፍተት ተዉ፤ ፓነል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። ሣር ቤት ከሆነ ጣሪያው ላይ አትጫኑት፣ ግቢው ውስጥ ጠንካራ ምሰሶ አቁሙለት።

ሽቦ ላይ አትቆጥቡ። ከፓነል እስከ ኮንትሮለር 10 ሜትር ቢርቅና 1.5 ሚሊ ሽቦ ብትጠቀሙ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ4 ሚሊ ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ሲገናኝ ባትሪው መጀመሪያ ወደ ኮንትሮለሩ ይገባል፣ ፓነሉ ከዚያ በኋላ። ሲነቀል በተቃራኒው። ከባትሪው አጠገብ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ፊውዝ ይግባ፤ ይሄ የቤት ቃጠሎ ጉዳይ ነው፣ ባለሙያው «አያስፈልግም» ቢላችሁም አስገቡ። ባትሪው ከምድጃና ከመኝታ የራቀ፣ አየር ያለበት ቦታ ይቀመጥ።

ከተተከለ በኋላ

ለቤቱ ሰው አሳዩ። ለአባወራው ብቻ አይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እናት ወይም ልጅ ትሻላለች። የኮንትሮለሩ ቀይ መብራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ፣ ሲበራ ቴሌቪዥኑን ታጥፋ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ፓነሉን በማለዳ፣ ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ትጥረገው። በሳሙና ዱቄት ወይም በአመድ መፈተግ አይቻልም፣ መስታወቱን ይጭረዋል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በየወሩ ይታይ፤ ሲጎድል የባትሪ ውሃ ብቻ እንጂ የወንዝ ውሃ አይጨመርም።

ኮንትሮለሩን አልፎ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ሽቦ መቀጠልን አጥብቃችሁ ከልክሉ። ሰዎች ይሄን የሚያደርጉት ኮንትሮለሩ «ሲቆርጥባቸው» ነው፤ የሚቆርጠው ግን ባትሪው እንዳይሞት ነው።

ቀጥሎ ደግሞ የሬማው ነገር። የባትሪውን ዋጋ በ36 ወር አካፍሉና ያን ያህል ብር በየወሩ ለብቻው ይቀመጥ። ቤቱ ራሱ ቢያዋጣ ይሻላል፣ ካልቻለ እናንተ ከምትልኩት ላይ ለዩት። ዕቁብ ወይም የገጠር ቁጠባ ማኅበር ካለ እዚያ ይግባ፤ ዋጋው በየዓመቱ ስለሚጨምር መጠኑን በየመስከረሙ ከልሱት። በዚያ ወረዳ ሶላር የሚጠግን ሰው ማን እንደሆነ አሁኑኑ፣ ዕቃው ደህና እያለ፣ አፈላልጉና ስልኩን ከኮንትሮለሩ ጎን ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። ደረሰኙና የዋስትናው ወረቀትም እዚያው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይንጠልጠል።