የሠራተኛ ሐሳብ "እስቲ እናያለን" ተብሎ እንዳይቀር

ፈጠራ ሲባል ብዙ ባለድርጅት ቶሎ የሚታየው ከውጭ የሚገባ ማሽን ነው። ማሽን መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን በእኛ አገር ዶላሩም መለዋወጫውም መብራቱም ያስጠብቃል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ደግሞ፣ ዛሬ የተነገራችሁ ዋጋ የሚቀጥለው ወር ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ካለው ጀምሩ፤ ከሠራተኞቻችሁ።

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ በርበሬ የምታዘጋጁበት ባልትና ቤት አላችሁ እንበል። ዛላው መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ይሰጣል፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ሁሉም ሰው ተሯሩጦ ይሰበስባል። አንዷ ሠራተኛ "ከመሬት ከፍ አድርገን ወንፊት ሽቦ ላይ ብናሰጣው፣ ከላይ ላስቲክ ብንወጥርለትስ?" ትላለች። አለቃው "እስቲ እናያለን" ይላል። ሥራ ይበዛል፣ ይረሳል። ልጅቷም ሁለተኛ ትንፍሽ አትልም። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው በገንዘብ እጦት ሳይሆን እንዲህ ነው።

አንድ ደብተር መድቡ። ሐሳቡን፣ ቀኑንና የተናገረውን ሰው ስም ጻፉ። በሳምንት ውስጥ መልስ ስጡ፤ የማይሆን ከሆነም ለምን እንደማይሆን ንገሯት።

ከዚያ በትንሹ ሞክሩ። ሰፈር ያለ በያጅ ከቁራሽ አንግል ብረት አንድ ቆጥ ይሠራላችኋል። ከቅዳሜ ገበያ የመጣ አንድ ጆንያ በርበሬ እኩል ሁለት ቦታ መዝኑና ግማሹን እንደ ድሮው ሸራ ላይ፣ ግማሹን ቆጡ ላይ በአንድ ቀን አስጡ። በስንት ቀን ደረቀ? የሻገተው ተለቅሞ ሲመዘን ስንት ሆነ? አቧራውስ? ምን ያህል ለውጥ ቢመጣ ወጪውን እንደሚመልስ ግን ሙከራው ሳይጀመር ተስማሙ፤ አለበለዚያ ሁሉም የወደደውን ውጤት ነው የሚያየው። ጥምቀት ሲደርስ፣ ትእዛዝ በተደራረበበት ሰሞን አትሞክሩ። ካልሠራም ከማንም ደሞዝ ምንም አይቆረጥ።

የማታውቁት ነገር ሲገጥማችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ቅርባችሁ ናቸው። "እርዱን" ብላችሁ ግን አትሂዱ። "በርበሬያችን በክረምት ምን ያህል እርጥበት ይዞ ነው የሚፈጨው?" የሚል አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎችም እንዲህ ያለ ሥራ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ወንበር ከማሞቅ ይሻላቸዋል።

ሐሳቡ ከሠራ ጉርሻውን በዚያው ወር ክፈሉ፣ ሐሳቡንም በሠራተኛው ሁሉ ፊት በስሟ ጥሩት። ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ጀምረው ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ብቻ የቀረባቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ የጎደላቸው ይሄ ይመስለኛል፤ ሐሳብ ያመጣው ሰው ምንም አላገኘም።

የሠራችሁት ነገር በእውነት አዲስ ከሆነ ባዛር ላይ ከማሳየታችሁ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ ከሚሰጠው የባለቤትነት መብት) ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ ይሰጣል። የአነስተኛ ፈጠራው ጥበቃ ዘመን 5 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑን ካስረዳችሁ ሌላ 5 ዓመት ይራዘማል። ከማመልከታችሁ በፊት ግን ከሐሳቡ ባለቤት ጋር ቁጭ በሉና ማን ስንት እንደሚደርሰው በጽሑፍ ተፈራረሙ።