የተወርዋሪ ኮከብ ማሚቶ ራዳር ላይ ሲያስቸግር

ችግር፦ ማሚቶው (ከተወርዋሪ ኮከቡ ነጥሮ የተመለሰው ሞገድ) ጥሬው ሲግናል ላይ ይታያል። ፐልሱ (ራዳሩ የሚልከው አጭር የሞገድ ምት) ሲጨመቅ፣ ማለትም ኮዱ ተፈትቶ ወደ አንድ ሹል ጫፍ ሲሰበሰብ ግን ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሪሲቨሩን (መቀበያውን) ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ፍጥነቱን እጠረጥራለሁ። የባርከር ኮድ (ሞገዱን በየቢቱ የሚገለብጥ ወይም እንዳለ የሚተው ቅደም ተከተል) መፍቻው ዒላማው ባለበት የቆመ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎሜትር ይከንፋል። እስቲ እናስላው። በ50 ሜጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 6 ሜትር ነው። በሰከንድ 40 ኪሎሜትር ወደ ራዳሩ የሚመጣ ዒላማ ድግግሞሹን በ13.3 ኪሎኸርትዝ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ኮዱ ባለ 13 ቢት፣ አንዱ ቢት 4 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ፐልሱ 52 ማይክሮሰከንድ ይረዝማል። በዚህች ቅጽበት ፌዙ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ) 250 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ ያፌዝባችኋል። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቢቶች በመደማመር ፈንታ ይጠፋፋሉ። የጫፉ ቁመት ወደ 38 በመቶ ይወርዳል።

መፍትሄ፦ ኮዱን ከመፍታታችሁ በፊት ፌዙን በተለያየ የዶፕለር (ፍጥነቱ የሚያመጣው የድግግሞሽ ለውጥ) ግምት ወደ ኋላ አዙሩት፤ በየ1 ኪሎኸርትዙ መሞከር ለዚህ ፐልስ ይበቃል። ትልቁን ጫፍ ያወጣው ግምት ፍጥነቱን ይነግራችኋል። ኮምፒውተሩ ትንሽ ያቃስታል፣ ግን ያዋጣል። በባርከር ፈንታ ቸርፕ (ድግግሞሹ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ የሚሄድ ፐልስ) የምትጠቀሙ ከሆነ ማሚቶው አይጠፋም፤ ይዋሻል። ፐልሱ ያው 52 ማይክሮሰከንድ፣ የድግግሞሽ ስፋቱ 1 ሜጋኸርትዝ ቢሆን ርቀቱ 100 ሜትር ያህል ይዛነፋል።

ችግር፦ ፍጥነቱ ከፐልስ ወደ ፐልስ ሲሰላ በጣም ትንሽ ይሆናል።

መጀመሪያ ያያችሁት ጭንቅላቱን (አብሮ የሚከንፈውን) ነው ወይስ ጭራውን (ከኋላ የሚቀረውን)? ጭራው ከነፋሱ ጋር ስለሚንሳፈፍ በሰከንድ 30 ሜትር ቢያሳይ አይግረማችሁ። ጭንቅላቱ ከሆነ ግን ዶፕለሩ ተጠቅልሏል፤ ማለትም ከሚለካው ገደብ አልፎ እንደ አዲስ ተቆጥሯል። በሰከንድ 1000 ፐልስ ስትልኩ፣ በዚሁ ሞገድ፣ ሳይምታታ የሚለካው እስከ 1500 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። በተከታታይ ፐልሶች ርቀቱ እንዴት እንደተቀየረ በመስመር አስምሩ። የመስመሩ ዝንባሌ ትክክለኛው ፍጥነት የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ችግር፦ ከማሚቶው ፊትና ኋላ ትናንሽ ጥላዎች አሉ።

ከዋናው 22 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ካሉ የኮዱ የራሱ ጠባይ ነው፤ ተዉት። ከዚያ ከጎሉ ሪሲቨሩ ሞልቶ ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ጌኑን (የማጉያውን መጠን) ቀንሱ።

ችግር፦ ማሚቶው በ40 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ተቀመጠ።

ተወርዋሪ ኮከብ በአብዛኛው የሚታየው ከ80 እስከ 110 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ርቀቱ ከከፍታው ስለማያንስ 40 ያጠራጥራል። በሰከንድ 1000 ፐልስ ሲላክ ከ150 ኪሎሜትር ያለፈ ማሚቶ ተመልሶ ከዜሮ ይቆጠራል። ፐልሱን ወደ 900 ቀንሱት። ማሚቶው ወደ 23 ከወረደ እውነተኛው ርቀት 190 ኪሎሜትር ነው።