የቶዮታ ፒክአፕን የፊት እግር ወደ ወጥ አክስል መቀየር

ቶዮታ ከ1979 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ ያቀረባቸው በአራቱም ጎማ የሚነዱ ፒክአፖች፣ ማለትም በሌላው ዓለም ሃይሉክስ የሚባሉት፣ የፊት እግራቸው በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ወጥ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎችን በአንድ ጠንካራ ብረት የሚያያይዝ አክስል፣ ነበር። በ1986 ሞዴል ይህ ቀርቶ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚነሳበትና የሚወርድበት፣ ክብደቱን ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ ክብደት የሚሸከም የብረት ዘንግ) የሚሸከምበት አሠራር መጣ። አዲሱ አሠራር በአስፋልት ላይ ይመቻል፣ በፍጥነትም የተረጋጋ ነው፤ ሆኖም በድንጋያማና በተቦረቦረ መሬት ላይ ጎማው የሚወርድበት ርቀት አጭር በመሆኑ አንዱ የፊት ጎማ ቶሎ አየር ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከ1986 እስከ 1995 የተሠሩትን ፒክአፖች ወደ ቀድሞው ወጥ አክስል መመለስ በአሜሪካ የድንጋይ መንገድ ነጂዎች ዘንድ የታወቀ ሥራ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህንኑ ሥራ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ለውጡ የሚጠቅመው መኪናውን በእርግጥ አስቸጋሪ መሬት ላይ ለሚነዳ ሰው ነው። አብዛኛው ጉዞ በአስፋልትና በደህና ጠጠር መንገድ ላይ ከሆነ የሚያገኙት ከባድና የሚያንገጫግጭ የፊት እግር ብቻ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወጥ አክስል ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከፋብሪካ እንዲሁ የሚወጣ ላንድ ክሩዘር 70 መፈለግ ሻንሲ ከመቁረጥ የተሻለ ምክር ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ ለውጥ የተደረገበት መኪና በብዙ አገር እንደገና መመርመርና መጽደቅ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ በጀርመን የቴክኒክ ምርመራውን አልፎ በመኪናው ሰነድ ላይ ካልተመዘገበ በመንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ የምርመራ ክፍሉንና የመድን ድርጅትዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

አክስሉን በመምረጥ እንጀምር። ከ1979 እስከ 1985 ካለው ፒክአፕ የሚወጣው የፊት አክስል ዲፍሬንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ቤት) ወደ ቀኝ የተጠጋ ነው፤ ከ1986 እስከ 1995 ባሉት መኪኖች ላይም ትራንስፈር ኬዙ፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ወደ ፊት ኃይል የሚያወጣው በዚያው በኩል ስለሆነ ሁለቱ ይገጥማሉ። ሌላ አክስል ካሰቡ መጀመሪያ የሚመለከቱት ይህንን ጎን ነው፤ ጎኑ ካልገጠመ ሌላው ጥቅም ሁሉ ትርጉም የለውም። አሮጌ አክስል ሲገዙ፣ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የዲፍሬንሻሉን ዘይት አስወርደው የብረት ስብርባሪ መኖሩን ይፈትሹ። በጎማው በኩል ያለውን ክብ ኳስ ሲከፍቱ ግራሶው ከዲፍሬንሻል ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከቀጠነ የውስጡ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ) አልቋል ማለት ነው። የኳሱ ገጽ በዝገት ከተበላ አዲስ ማሸጊያም ቢሆን ግራሶውን አይዝም። ከሁሉም በላይ ቱቦው አለመታጠፉን ከግራ ኳስ እስከ ቀኝ ኳስ፣ አንድ ጊዜ ከፊት አንድ ጊዜ ከኋላ በመለካት ያረጋግጡ።

የማርሽ ቁጥሩ የፊትና የኋላ አንድ መሆን አለበት። በዲፍሬንሻሉ ውስጥ ኮሮናው (ትልቁ ማርሽ) እና ፒኞኑ (ትንሹ) ላይ ያሉትን ጥርሶች ቆጥረው ያካፍሉ፤ 41 ለ10 ከሆነ 4.10፣ 39 ለ8 ከሆነ 4.88 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ተለያይተው መኪናው በጠንካራ መሬት ላይ በአራቱም ጎማ ከተነዳ የኃይል ማስተላለፊያው ራሱን በራሱ እየጠመዘዘ ይሰበራል። ትልቅ ጎማ ለመጫን ያሰበ ሰው ሁለቱንም ዲፍሬንሻል በዚሁ አጋጣሚ ወደ 4.88 ቢለውጥ በዳገት የሞተሩን ጉልበት መልሶ ያገኛል።

የስፋት ልዩነትም አለ። የ1986ቱና ከዚያ በኋላ ያሉት መኪኖች የኋላ አክስል ከአሮጌው የፊት አክስል በ7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከመኪናዎ የሚፈቱትን የጎማ ሞዞዎች፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርባቸውን የመሐል ክፍሎች፣ አይጣሉ፤ እነርሱን በአሮጌው አክስል ላይ ሲገጥሙ በየጎኑ 3.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምሩ የፊቱና የኋላው የጎማ ዱካ ይስተካከላል። በዚህ ጊዜ የፍሬኑ ዲስክና ዲስኩን የሚይዘው ክፍል ከአዲሱ አቀማመጥ ጋር መጣጣም አለባቸው።

አሁን ወደ መፍታቱ እንሂድ። አንድም ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት መኪናውን በተስተካከለ ወለል ላይ አቁመው የሻንሲውን ከፍታ በአራት ቦታ፣ ከፊት ጎማው መሐል እስከ አንድ የማይነቃነቅ የሻንሲ ቀዳዳ ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም በሁለቱም ጎን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ርዝመት ጽፈው ይያዙ። ቶርሽን ባሮቹ ከፍተኛ ኃይል አምቀው የያዙ ስለሆኑ ማስተካከያ ቡሎናቸውን በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ ሙሉ በሙሉ ሳያረግቡ ሌላ ምንም ነገር አይንኩ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ሰውን ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን ከሻንሲው ሥር በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት። የድሮው እግር መያዣዎች ሲቆረጡ ከሻንሲው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተርፎ ይቆረጥና የቀረው በብረት መፍጫ ድንጋይ ይወገዳል። ሻንሲውን በመቁረጫ እሳት የነካ ሰው የሚያገኘው ንጹሕ ገጽ ሳይሆን የወደፊት ስንጥቅ ነው። በብየዳ ጊዜ የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይነቀል፤ የብየዳው መሬት መያዣም ከሚበየድበት ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎች ውስጥ አልፎ ያበላሻቸዋል።

የመኪናው ጠባይ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ሥራ ስለሆነ ጊዜዎን ሁሉ እዚህ ላይ ያውሉት። ባሌስትራዎቹ ከፊት በማይነቃነቅ መያዣ፣ ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው ሲዘረጋ በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ይታሰራሉ። መያዣዎቹን በነጥብ ብየዳ ብቻ ካያያዙ በኋላ አክስሉን ይስቀሉ፤ ሞተሩና ካምቢዮው በቦታቸው ይሁኑ፤ መኪናውንም በራሱ ክብደት በጎማው ላይ ያስቀምጡ። ያለ ሙሉ ክብደት የተለካ ማዕዘን ሐሰተኛ ነው። ከዚያ በሁለቱም ጎን ከአክስሉ እስከ ተመረጠው የሻንሲ ቀዳዳ፣ ከዚያም በሰያፍ ከግራ ወደ ቀኝና ከቀኝ ወደ ግራ ይለኩ። የሰያፉ ልኬት ከሁለት ወይም ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ነጥቡን ቆርጠው እንደገና ያስተካክሉ።

ቀጥሎ የሚለካው ካስተር ነው፤ ይህም መሪው የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ የላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን ነው። ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያለው መሪውን ከተጠመዘዘ በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ ያደርገዋል። ችግሩ አክስሉን ወደ ኋላ ባጋደሉት ቁጥር የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ታች መውረዱ ነው፤ ያን ጊዜ የማስተላለፊያው ዘንግ ክሮቼራዎች (በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት የመስቀል መገጣጠሚያዎች) በተለያየ ማዕዘን እየሠሩ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ በባሌስትራውና በመቀመጫው መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ይበቃል። መኪናው ብዙ ከፍ ካለ ግን ትክክለኛው መፍትሔ የአክስሉን ጫፍ ኳሶች ከቱቦው ቆርጦ በተለያየ ማዕዘን መልሶ መበየድ ነው፤ ይህም ልምድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

መሪውን በተመለከተ የ1986ቱ መኪና የመሪ ሳጥን እንደ ድሮው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ስለሚገፋ ከቀኙ ጎማ ጋር በአግድም ዘንግ ማገናኘት ይቻላል፤ ይህ አሠራር መኪናው ከፍና ዝቅ ሲል መሪው በራሱ እንዳይጎተት ይረዳል። ይህ የሚሆነው ግን ዘንጉ በተቻለ መጠን አግድም ሲሆን ነው። ለዚህም ዘንጉን ከባሌስትራው በላይ የሚያሳልፉ የመሪ ክንዶች በጎማው መገጣጠሚያ አናት ላይ ይታሰራሉ። የክንዶቹ ቡሎኖች መላላት ይወዳሉ፤ ከላሉ ደግሞ ይቆረጣሉ፤ ስለዚህ ሾጣጣ ቀለበቶቻቸውን አሟልተው በተገቢው ኃይል ያጥብቋቸው። ትልቅ ጎማ ሲታሰር የመሪ ሳጥኑ አካባቢ ያለው ሻንሲ ስለሚሰነጠቅ ሰፊ ደጋፊ ብረት ይበየድለት፤ የብረቱ ጫፍ ሻንሲውን በቀጥታ ከሚያቋርጥ ይልቅ በሰያፍ የተቆረጠ ይሁን፣ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ብየዳ ስንጥቅ የሚጀምርበት መስመር ይሆናል።

አሁንም ሁሉም ነገር በነጥብ ብየዳ ላይ እንዳለ እግሩን በሙሉ እንቅስቃሴው ይፈትኑት። ጥቂት የባሌስትራ ቅጠሎችን አውጥተው አክስሉን እስከ ላይ ይግፉት፤ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ዘንጉ ከባሌስትራው፣ ዲፍሬንሻሉ ከሞተሩ ዘይት መያዣ፣ ጎማው ከአካሉ ጋር አለመነካካታቸውን ይመልከቱ። በዚያ ቦታ ላይ ከመነካካት የሚያግደው የላስቲክ ማቆሚያ ይተከላል፤ የአሞርዛቶሩ (የንዝረት ማብረጃው) አጭር ርዝመትም ይለካል። ከዚያ አክስሉን እስከ ታች አንጠልጥለው የአሞርዛቶሩን ረጅም ርዝመት፣ የፍሬን ቱቦው መወጠሩን፣ የማስተላለፊያው ዘንግ ከጥርሱ ውስጥ የመውጣት ዕድሉን ያዩታል። የፍሬን ቱቦ በምንም ሁኔታ መወጠር የለበትም። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳው የሚከናወነው፤ ሻንሲው በሙቀት እንዳይጣመም ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየተፈራረቁ፣ በአጭር በአጭሩ ይበየዳል።

በመጨረሻው መገጣጠም ላይ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ባለ ዩ ቅርጽ ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ አንዴ የተሳቡትን መልሶ መጠቀም አያዋጣም። የጎማ ኩሽኔታዎቹ በ54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይስተካከላሉ፤ የተሳሳተ ቁልፍ ዳዶውን ከማበላሸቱ በላይ ማስተካከያውን ግምት ያደርገዋል። ፍሬኑ አየሩ ወጥቶ መፈተሽ አለበት። የፊት ጎማዎቹ ጫፍ ከፊት በኩል ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲጠጉ ይስተካከሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ በባዶ ቦታ፣ በዝግታ ይደረግ። መኪናው ጉድጓድ ሲነካ የፊት ጎማዎቹ በኃይል ግራና ቀኝ ቢርገፈገፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመሪ አሞርዛቶር ይጨምሩበታል፤ ይህ ግን ሕመሙን ከመደበቅ በስተቀር አያድነውም። ካስተሩን፣ የጎማውን ሚዛን፣ የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ ኳስና የአክስሉን መገጣጠሚያ ኩሽኔታዎች ልቅነት አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ባለ ዩ ቡሎኖቹን፣ የመሪ ክንዶቹን ቡሎኖችና የባሌስትራ መያዣዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ይድገሙት፤ በዚያው አጋጣሚ የብየዳ መስመሮቹን አጽድተው በብርሃን ይመልከቱ።