ትልቅ ዝርያ ቡችላ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የግሬት ዴን ቡችላ ሲወለድ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ዓመት ተኩል ሲሞላው ግን 60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ፍጥነት የሚያድግ አጥንት ስህተት አይችልም። አድገው ከ25 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ውሾች፣ እንደ ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር ያሉት፣ ከሚደርስባቸው የመገጣጠሚያ ችግር ከፊሉ ከዘር የሚመጣ ነው። ቀሪውን የሚያደርሰው አሳዳጊው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በደግነት። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚነሱት ውሻው ቶሎ ትልቅ እንዲሆን ከመቸኮል ነው።

ቶሎ እንዲገዝፍ ብሎ ማብላት

ውሻው አድጎ የሚደርስበትን ቁመት በዋናነት የሚወስነው ከወላጆቹ የወረሰው ነው። ብዙ መብላት እዚያ ቁመት ላይ ቀድሞ ያደርሰዋል እንጂ ከዚያ አያሳልፈውም። እየጠገበ በፍጥነት የገዘፈው ቡችላና ተመጥኖ እየበላ ያደገው ወንድሙ በሁለት ዓመታቸው ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። የፊተኛው ግን ገና ባልጠና አጥንት ላይ ትርፍ ኪሎ ተሸክሞ ከርሟል። በእግር አጥንቶች ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ለጋ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ደንድኖ የሚዘጋው በትልልቅ ዝርያዎች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እንደ ግሬት ዴን ባሉ ግዙፎቹ እስከ 2 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ትርፍ ክብደት የሚያርፈው እዚህ ለጋ ክፍልና መገጣጠሚያው ላይ ነው።

በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ቡችሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ሌላው ከሚበላው 25 በመቶ ተቀንሶ ይሰጠው ነበር። ጥቂት የበሉት በአማካይ 2 ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ተጨማሪ ዕድሜ ኖረዋል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም በእነሱ ላይ ያነሰና የዘገየ ነበር።

በተግባር ሰው የሚሳሳተው በስድስተኛው ወር አካባቢ ነው። ቡችላው እያደገ ስለሆነ ምግቡም እየጨመረ መሄድ ያለበት ይመስላል። እንዲያ አይደለም። አድጎ 40 ኪሎ የሚሆን ቡችላ 20 ኪሎ ሲደርስ፣ ማለትም ወደ 5 ወር ገደማ፣ በቀን ከምግብ የሚያስፈልገው ጉልበት (ካሎሪ) አድጎ ሲጨርስ ከሚያስፈልገው ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ይጨምራል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚፈልገው ምግብ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ከ5ኛው ወር በኋላ በየወሩ ስፍር የሚጨምር ሰው የሚጨምረው ስብ ነው።

በከረጢቱ ላይ ያለው የምግብ ሠንጠረዥ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ምግቡን በስኒ ሳይሆን በሚዛን ይለኩ፤ የስኒ ስፍር እንደ ሰፋሪው እጅ ይለያያል። ቡችላውን በየሁለት ሳምንቱ መዝኑና ጻፉ። ከሚዛኑም በላይ የሚታመነው እጅ ነው። የአንድ እጅዎን ጣቶች ዘርግተው፣ በሌላው እጅ ጣቶች የእጅዎን ጀርባ ዳበስ ያድርጉ፤ የቡችላው ጎድን እንዲህ መዳበስ አለበት፦ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ላዩ ላይ ግን ስስ ሽፋን አለ። እጅዎን ጨብጠው የጣቶቹን መገጣጠሚያ ሲነኩ የሚሰማዎትን ከመሰለ ከስቷል። መዳፍዎን ከመሰለና ጎድኑን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል፤ ከቀን ምግቡ 10 በመቶ ቀንሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይዳብሱት። ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ያለ መሆን አለበት። "ድቡልቡል ቡችላ ጤነኛ ነው" የሚለው አስተያየት ለትልቅ ዝርያ አይሠራም።

ሰሃኑን ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መተውም ከዚሁ ይቆጠራል። እስከ 4 ወር ድረስ በቀን 4 ጊዜ፣ እስከ 6 ወር 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 2 ጊዜ ይስጡ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ያልበላውን ያንሱ። ለማሠልጠኛ የሚሰጡት ቁራሽ ከቀን ምግቡ ላይ ይቀነሳል፤ ከ10 በመቶውም ማለፍ የለበትም።

"አጥንቱ እንዲጠነክር" ካልሲየም መጨመር

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም የሚያደርገው ሰው ሁሉ መልካም የሠራ ይመስለዋል። ያደገ ውሻ ካልሲየም ሲበዛበት አንጀቱ ትርፉን ሳይወስድ ያልፈዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ ግን ይህን መቆጣጠር ገና አይችልም፤ የበዛለትን አብዝቶ ይወስደዋል። ትርፉ ለጋው አጥንት (ካርቲሌጅ) በሥርዓቱ እንዳይደነድን ያውካል። ውጤቱ የተጣመመ የፊት እግር፣ ከመገጣጠሚያ ላይ የሚላቀቅ ለጋ አጥንት፣ በተለይ በትከሻና በክርን ላይ፣ ሊሆን ይችላል።

የተሟላ የቡችላ ምግብ የሚበላ ውሻ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የአጥንት ዱቄትም ሆነ የወተት ዱቄት አይጨመርለትም። ምግብ ሲመርጡ "ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች" የሚለውን ይፈልጉ፤ ካልሲየሙ ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ ከ1.2 እስከ 1.8 በመቶ መሆን አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ መለያው ላይ ካልሲየም 1.2 በመቶ፣ እርጥበት 10 በመቶ ከተጻፈ 1.2ን ለ0.9 ያካፍሉ፤ 1.33 ይመጣል። የቆርቆሮ እርጥብ ምግብና ደረቁን በዚህ መንገድ ካላሰሉ አያወዳድሩ። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ማነስ የለበትም፤ ከሁለት እጥፉም መብለጥ የለበትም።

የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ጆሮው አልቆመም ተብሎ ካልሲየም የሚሰጠው ቡችላ ቁጥር ስፍር የለውም። ጆሮውን የሚያቆመው ደንዳና አጥንት ሳይሆን ካርቲሌጅና ጡንቻ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የወተት ጥርሱን ሲቀይር ቆሞ የነበረ ጆሮ እንኳ ሊወድቅ ይችላል፤ ጥርሱ አብቅቶ 42ቱም ሲወጡ፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ወር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይቆማል። እስከዚያ ጆሮውን አለማሸትና አለማጠፍ ይበቃል።

ሥጋ ብቻ መስጠት

ይህ የፊተኛው ስህተት ተቃራኒ ነው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት እየነቀለ ይጠቀማል። አጥንቱ ይሳሳል፤ በሳምንታት ውስጥ መራመድ ይከብደዋል፤ ከአልጋ ሲዘል የሚሰበር እግርም ይታያል። እቤት አብስሎ ማብላት የሚፈልግ ሰው በእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ የተመጠነ ቀመር ያስፈልገዋል፤ ግምት በዚህ ዕድሜ አይሠራም። የበሰለ አጥንት መስጠትም አይገባም፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ፕሮቲንን መፍራት

ፕሮቲን እግር ያጣምማል የሚል ወሬ አለ። በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ ተሞክሮ እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። ጥፋተኞቹ ትርፍ ካሎሪና ትርፍ ካልሲየም ናቸው። በዚህ ወሬ የተነሳ በ4 ወሩ ወደ አዋቂ ምግብ የሚቀየር ቡችላ በከንቱ ይጎዳል። ትልቅ ዝርያ የቡችላ ምግቡን ከ12 እስከ 18 ወር ይቆይበት፤ ግዙፍ ዝርያ እስከ 24 ወር። ሲቀየርም ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ አዲሱን እያበዙ፣ አሮጌውን እየቀነሱ ይሁን።

በግድ ማስሮጥ፣ ወይም ጨርሶ ማሰር

ኖርዌይ ውስጥ በአራት ትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ እስከ 3 ወር ዕድሜያቸው በየቀኑ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቡችሎች ለዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የበለጠ መጋለጣቸውን አሳይቷል። በዚያው ዕድሜ ሜዳ ላይ ተለቀው የሚሮጡት ደግሞ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ችግሩ እንቅስቃሴ አይደለም። ቡችላው ራሱ ሲደክመው የሚያቆመው ጨዋታ፣ ሳር ወይም አፈር ላይ፣ ይጠቅመዋል። የሚጎዳው ማቆም የማይችለው ነው፦ ከብስክሌት ጋር ታስሮ መሮጥ፣ አስፋልት ላይ ረጅም ሩጫ፣ ኳስ ደጋግሞ መወርወርና በድንገት መዞር፣ ከመኪና ላይ መዝለል። ኳስ አትርሱ፤ ምንም ጉዳት የሌለው ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። የሚያንሸራትት የሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። ከሩጫና ዝላይ ጋር የተያያዘ ሥልጠና የአጥንቱ ማደጊያ እስኪዘጋ ይቆይ።

ክትባቱ እስኪያልቅ ከዓለም መደበቅ

ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ከእናቱ የወረሰው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ሊያከሽፋቸው ይችላል። አንድ ጊዜ አስከትቦ መተው እንግዲህ ይህን ካለማወቅ የሚመጣ ስህተት ነው። በሌላ በኩል ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና ሌላ እንስሳን ያለ ፍርሃት የሚለምድበት ጊዜ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ገደማ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ግቢ የተዘጋበት ቡችላ ይህ ጊዜ ያልፈዋል። መፍትሔው ይዞ መውጣት ነው፦ በክንድ ታቅፎ፣ በመኪና፣ የተከተቡ ውሾች ያሉበት ቤት። የማይታወቁ ውሾች የሚጸዳዱበት ቦታ ላይ ግን አይውረድ።

እንዲሁም 8 ኪሎ ሆኖ ሰው ላይ መዝለሉ ያስቃል፤ በ10 ወሩ 45 ኪሎ ሆኖ ሲዘል አሮጊት ይጥላል። ማሰሪያ ሳይጎትቱ መሄድ፣ እጅ አለመንከስ፣ ሰሃኑ ሲነካ አለማጉረምረም፣ ጥፍርና አፍ ማስነካት፣ እነዚህ ሁሉ የሚማሩት ጉልበቱ ከእርስዎ ሳይበልጥ ነው።

ቶሎ ማኮላሸት

የፆታ ሆርሞን አጥንቱ ማደጉን እንዲያቆም ከሚነግሩት ምልክቶች አንዱ ነው። በ6 ወሩ የተኮላሸ ትልቅ ዝርያ እግሩ ትንሽ ረዝሞ ይቀራል፤ የጉልበት ጅማት መበጠስና የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው በላብራዶር፣ በጎልደን ሪትሪቨርና በጀርመን ሼፐርድ ላይ ታይቷል። ለወንዱ እስከ 12 ወይም 18 ወር መቆየት ይመረጣል። በሴቷ ላይ ያልታሰበ እርግዝናና የማሕፀን ኢንፌክሽንም ስለሚመዘኑ ጊዜውን ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

ማነከስን "እያደገ ነው" ብሎ ማለፍ

ከ5 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ በተለይ በጀርመን ሼፐርድ፣ ከእግር ወደ እግር የሚዘዋወርና ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የሚለቅ የአጥንት ሕመም አለ። ችግሩ ሁሉም ማነከስ እሱ አለመሆኑ ነው። አንድ የፊት እግር ላይ ብቻ የሚመላለስ ማነከስ የክርን ወይም የትከሻ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ከ4 እስከ 10 ወር ላይ ይጀምራል፣ ቶሎ ከታየም የተሻለ ይታከማል። የፊት እግሩ ከእጅ አንጓው በላይ ካበጠ፣ ከሞቀና ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ይታይ። ሲነሳ የሚከብደው፣ እንደ ጥንቸል ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ አድርጎ የሚሮጥ ቡችላ የዳሌ ራጅ ያስፈልገዋል። ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ማነከስ ሁሉ ሐኪም ይየው። አይቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል፣ የሰው ማስታገሻ በጭራሽ አይሰጥም።

ካደገ በኋላ በቀን አንዴ ማብላት

አድጎ ጨርሷል ተብሎ ምግቡ በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ ሲሰጠው፣ ደረተ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠማዘዝበት ይችላል። በቀን ሁለቴ ይብላ፤ የሚስገበገብ ከሆነ ውስጡ እንቅፋት ያለው ሰሃን ይጠቀሙ፤ ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ሆዱ ከተነፋ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ፣ መቀመጥም መተኛትም እያቃተው የሚንቆራጠጥ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ መፍትሔውም ቀዶ ሕክምና ነው።