የጅማን ሰማይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሳተላይት መረጃ እንዴት እናነባለን?

705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞር ኦኮ ቱ (OCO-2) የሚባል ሳተላይት አለ። ናሳ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 አመጠቀው። ጅማ አካባቢም ያልፋል። መረጃው በነጻ ነው፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካላችሁ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ አሠራሩ ይግባን። ሳተላይቱ አየር አይቀዳም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። መስኮት ላይ ነጠላ ብትሰቅሉ ክፍሉ ትንሽ ይጨልማል። አጥፋችሁ ብትደርቡት የበለጠ ይጨልማል። ጨለማውን አይቶ እጥፉን መገመት ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚያው፣ የፀሐይ ብርሃን ወርዶ ከመሬት ነጥሮ ሲመለስ ዓይናችን የማያያቸውን የተወሰኑ ቀለሞች እየመረጠ ያስቀራል። ሳተላይቱ የጎደለውን ይለካል። ኦክስጅን ያስቀረውንም ጎን ለጎን ይለካል። የኦክስጅን ድርሻ ስለሚታወቅ የጠቅላላው አየር መጠን ከእሱ ይገኛል። ከዚያ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን ለጠቅላላው አየር ማካፈል ነው። ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ በላይዋ ያለው አየር ጋምቤላ ላይ ካለው ያንሳል፤ ማካፈሉ ይህን ያስተካክለዋል።

አሁን ወደ ሥራው። የናሳ ኤርዝዴታ ድረ ገጽ ላይ ተመዝገቡ። የኦኮ ቱን "ላይት" (Lite) የሚባለውን ቀለል ያለ ፋይል ፈልጉና የአንድ ቀኑን አውርዱ። ፓኖፕሊ (Panoply) በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወይም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይከፈታል።

ቀን ስትመርጡ ግን አትቸኩሉ። እኔ የሐምሌን ፋይል ከፍቼ ጅማ ላይ አንዲት የልኬት ነጥብ እንኳ አላገኘሁም። ሳተላይቱ የሚያልፈው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በክረምት በዚያ ሰዓት ጅማ ደመና ውስጥ ናት። ቡና አልጋ ላይ የሚሰጣበትን የበጋ ጊዜ፣ ታኅሣሥና ጥርን ምረጡ። ያኔም በየቀኑ አታገኙም፤ የሚያየው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀጭን መስመር ነው፤ ወደዚያው መስመር የሚመለሰውም በ16 ቀን ነው።

ከዚያ ከሰሜን ኬክሮስ 7 እስከ 8.5፣ ከምሥራቅ ኬንትሮስ 36 እስከ 37.5 ያለውን ብቻ አስቀሩ። የጥራት ምልክቱ 0 ያልሆነውን ሁሉ ጣሉት። ይህን ደረጃ በፍጹም አትዝለሉ፤ ስስ ደመና ቁጥሩን ያበላሻል። የቀሩትን ነጥቦች አማካይ አውጡ።

ውጤቱ በፒፒኤም ይወጣል፤ በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ስንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ከመሬት እስከ ሰማይ ጫፍ ያለው አማካይ ነው። ስለዚህ ከተማውንና በአካባቢው ያለውን "በለጠ" የሚባለውን ጫካ በአንድ ቀን ነጥብ አታወዳድሩ፤ ነፋስ ያደባልቀዋል። ይልቅ የ2015ን ጃንዋሪ ከ2024 ጃንዋሪ ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያው 400 አካባቢ፣ ሁለተኛው 420 አካባቢ ይሆናል።